መደርደሪያው ለምን ከግድግዳው ተነቅሎ ይወድቃል?

መንዝ ውስጥ ያደጋችሁ ልጆች ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ የተሠራውን ወፍራም ግድግዳ ታውቁታላችሁ። እዚያ ላይ የመጻሕፍት መደርደሪያ ሰቀላችሁ እንበል። ሥሩ ታናሽ እህታችሁ ትተኛለች። ይይዛል?

መደርደሪያውን የሚሸከመው የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ነው። 20 ኪሎ መጻሕፍት ስትጭኑበት፣ ማለትም ውሃ የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል፣ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ የሚጫን ይመስላል አይደል? ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብረቱ ታችኛው ጫፉ ላይ ተደግፎ፣ ድንጋይ እንደሚፈነቅል ዲጅኖ፣ የላይኛውን ቪቴ ወደ ውጭ ይነቅላል።

እስቲ እናስላው። የመጻሕፍቱ ክብደት መሀል ከግድግዳው 15 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፤ ከብረቱ ታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ቪቴም 15 ሴንቲ ሜትር ነው። 20 በ15 ተባዝቶ ለ15 ሲካፈል 20 ይሆናል። ቪቴዎቹን ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል 20 ኪሎ ያህል ነው ማለት ነው። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት ብትጠቀሙስ? ስበቱ ወደ 10 ኪሎ ይወርዳል። መጻሕፍቱ ያው ናቸው!

ይህን ስበት የሚቋቋመው ቪቴው ብቻውን አይደለም። እኛ አገር ፊሸር የምንለው ፕላስቲክ ስሙን ያገኘው በ1958 እ.ኤ.አ. ከሠራው ጀርመናዊ፣ ከአርቱር ፊሸር ነው። ቪቴው ሲገባበት ፊሸሩ ይሰፋና የቀዳዳውን ግድግዳ ይጫናል፤ የሚይዘው በሰበቃ ነው። ድንጋይ ሲጫኑት አይበገርም። ጭቃ ግን ይፈረፈራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ሰበቃው ይጠፋል።

ስለዚህ ከትልቅ ሰው ጋር ሆናችሁ፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍናችሁ ሥሩ። በድንጋዮቹ መጋጠሚያ ሳይሆን በትልቅ ድንጋይ መሀል ብሱ፤ ጠርዙ አጠገብ ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። ፑንታው ከፊሸሩ ጋር እኩል ውፍረት ይኑረው። ግድግዳው ከተለሰነ ዱቄቱን ተመልከቱ፤ ፑንታው ድንገት ሰተት ብሎ ገብቶ አፈር ከወጣ ጭቃ ላይ ናችሁ፣ ቦታ ቀይሩ። ቀዳዳውን ከአቧራ አጽዱ፤ አቧራ ፊሸሩ ድንጋዩን እንዳይጨብጥ ያደርገዋል። ድንጋዩን በእጃችሁ ስትነቀንቁት ከተንቀሳቀሰም ተዉት። ከጣሪያው ሥር ያሉትን ድንጋዮች የሚጫናቸው ክብደት ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይላቀቃሉ።

ጠንካራ ድንጋይ ካላገኛችሁስ? መሬት ላይ የሚቆም መደርደሪያ ሥሩ። ያኔ ክብደቱን ወለሉ ይሸከመዋል፤ ግድግዳው የሚቀረው እንዳይገለበጥ መያዝ ብቻ ነው። እህታችሁም ተረጋግታ ትተኛለች።