ሸክላ ስትቀዱ ቀዩን አታብሩ

ካርቱም ዴም ሰፈር ቤታችን ውስጥ የአባቴ ሸክላዎች የሞሉበት የቆርቆሮ ሣጥን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጡት የጥላሁን ገሠሠና የመሐሙድ አህመድ ባለ 45 ዙሮች ከሰይድ ኸሊፋና ከሞሐመድ ወርዲ ጋር ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ወደ ኮምፒውተር ልገለብጣቸው ተነሣሁ። ድምፁ ደመቅ ይበል ብዬ የመቅጃውን መጠን ከፍ አደረግሁት። የሰይድ ኸሊፋን ስቀዳ መለኪያው ደጋግሞ ቀይ ቢያበራም ቸል አልኩት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ፈነዳ። በመተማ በኩል ስንወጣ የያዝነው ልብስ፣ ሰነድና አንዲት ሃርድ ዲስክ ብቻ ነበር። ሣጥኑ እዚያው ቀረ። ዛሬ ያን ዘፈን ስከፍተው ቫዮሊኖቹ ከፍ ባሉ ቁጥር ድምፁ ይሻክራል። ደግሜ እንዳልቀዳው ሸክላው የለም።

ስህተቴ የመጣው ከካሴት ልማድ ነው። ካሴት የራሱ ሹክሹክታ ስላለው ድምፁን ገፋ አድርገን እንቀዳ ነበር፤ ትንሽ ቢያልፍም ቴፑ ለዘብ አድርጎ ይቀበለዋል። ኮምፒውተር ግን ጣሪያው 0 ዴሲቤል ነው። ከዚያ ያለፈው የሞገዱ ጫፍ ተቆርጦ ይጠፋል፤ በኋላ ድምፁን ብትቀንሱትም አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን በማንኛውም ጊዜ ከፍ ማድረግ ይቻላል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ፦

1. ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሺህኛ ቮልት ብቻ ነው። ሸክላው ሲቀረጽም ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ነው። ሁለቱንም የሚያስተካክለው ፎኖ ፕሪአምፕ ነው። ማጫወቻችሁ ውስጡ ካለው ሌላ አትደርቡበት።

2. ገመዱን ላይን ኢን ላይ ሰኩት እንጂ የማይክ ቀዳዳ ውስጥ አታስገቡት። ኮምፒውተሩ ድምፁን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበትን ቅንብር አጥፉ።

3. ሸክላውንና መርፌውን አጽዱ። ሀቡብ የሚባለው የአቧራ አውሎ ነፋስ የሚነፍስበት አገር የኖረ ሰው አቧራ የት የት እንደሚገባ ያውቃል።

4. ሳትቀዱ አንዱን ገጽ እስከ መጨረሻው አጫውቱና መለኪያውን ተመልከቱ። ረጅም የሱዳን ዘፈን በዝግታ ተነሥቶ በኋላ ሊግል ስለሚችል በመግቢያው ብቻ አትመኑ። ሙዚቃው በጣም ከፍ በሚልበት ቦታ ከ-10 እስከ -6 ዴሲቤል ይድረስ።

5. ጭረት ሲጮህ መለኪያው ቢዘልል አትደንግጡ፤ የምትከታተሉት ሙዚቃውን ነው። መቅዳት ከጀመራችሁ በኋላ መጠኑን አትንኩ። ብዙ ጊዜ ባለ 45 ዙር ከትልቁ ሸክላ ጮክ ብሎ ስለሚቀረጽ፣ ሸክላ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና ለኩ።

6. መለኪያው -6 ላይ ሆኖም ድምፁ ከሻከረ ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ ሞገዱን አጉልታችሁ እዩት። ጫፉ ጠፍጣፋ ከሆነ የተቆረጠው ኮምፒውተሩ ጋር ሳይደርስ ነውና ከፕሪአምፑ ጀምራችሁ ፈትሹ።

7. በ24 ቢት ቅዱ። አንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ያህል ስለሚይዝ፣ 12 ዴሲቤል ባዶ ብትተዉ እንኳ የሚቀነሰው 2 ቢት ብቻ ነው። የቀረው 22 ቢት ከሸክላው የራሱ ሹክሹክታ እጅግ በታች ድረስ ይይዛል። በ44,100 ናሙና አንድ ደቂቃ ስቴሪዮ 16 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ለአንድ ቅርስ ይህ ብዙ አይደለም።

8. የመጀመሪያውን ፋይል በዋቭ አስቀምጡና አትንኩት። ማድመቁንም ጭረት ማጽዳቱንም በግልባጩ ላይ ሥሩ። ሌላ ግልባጭ ደግሞ ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ።

ከካርቱም ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ካይሮ የምትኖሩ፣ እናትና አባቶቻችሁ ያቆዩት ሸክላ ካለ ነገ ሳትሉ ቅዱት። ከመካከላችሁ የሰይድ ኸሊፋ ባለ 45 ዙር ያለው ሰው ቢኖር ደግሞ ይጻፍልኝ። ያ ዘፈን ሳይሻክር አንድ ጊዜ አባቴን ባሰማው ደስታዬ ነው።