በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ የጌጥ መብራቶችን በአዳፕተር ለማሠራት ሊታወቁ የሚገቡ የጥንቃቄ ጉዳዮች

በድሬዳዋ ከተማ በሰርግ፣ በገና፣ በጥምቀት፣ በኢድና በመውሊድ ወቅት የመኖሪያ ቤቶች፣ የሱቆችና የአዳራሾች መስኮቶች በትናንሽ የጌጥ መብራቶች አሸብርቀው ይታያሉ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በሁለት ወይም በሦስት የባትሪ ድንጋዮች የሚሠሩ ናቸው። ድንጋዮቹ ቶሎ ስለሚያልቁ በርካታ ነዋሪዎች መብራቱን ከቤት ኤሌክትሪክ ጋር ማገናኘት ይፈልጋሉ። ሥራው በተገቢው መንገድ ከተከናወነ ወጪ ይቆጥባል፤ በግምት ከተሠራ ግን ለእሳት ቃጠሎና ለሕይወት አደጋ ይዳርጋል። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች ሁለቱን ለይተው እንዲያውቁ ለማስቻል ተዘጋጅቷል።

ባትሪ ወይስ አዳፕተር?

150 ሚሊአምፔር የሚወስድ የጌጥ መብራት 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት በሚይዙ ድንጋዮች የሚሠራው ለ13 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በየምሽቱ አምስት ሰዓት ቢበራ ሦስት ምሽት ሙሉ አይዘልቅም። ይኸው መብራት በ5 ቮልት አዳፕተር ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከአንድ ዋት በታች በመሆኑ፣ በወር የሚፈጀው ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት ያነሰ ነው።

መሠረታዊው ክልከላ

የባትሪ መብራትን በቀጥታ ወደ ሶኬት ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ሲሆን፣ አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ሦስቱ ተደምረው 4.5 ቮልት ይሰጣሉ። ይህም ማለት የሶኬቱ ኃይል መብራቱ ከተሠራበት 49 እጥፍ ያህል ይበልጣል። ከዚህም በላይ የብዙዎቹ መብራቶች ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተሸፈነው በስስ ቫርኒሽ ብቻ በመሆኑ፣ 220 ቮልት ቢገባበት ሽቦውን የነካ ሕፃን በኤሌክትሪክ ሊመታ ይችላል። የአዳፕተር ጥቅም ቮልቱን ዝቅ ማድረግ ብቻ ሳይሆን፣ በእጅ የሚነካውን ሽቦ ከዋናው መስመር መለየትም ጭምር ነው። ስለዚህ አንዱ አራት ማዕዘን በሌላው ውስጥ ያለበት የድርብ መከላከያ ምልክት ያለውን አዳፕተር መምረጥ ይገባል።

ከመግዛት በፊት የሚመረመሩ አራት ነጥቦች

በታይዋን ገበያም ሆነ በሌላ ሱቅ አዳፕተር የሚገዛ ሰው በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ይኖርበታል።

1. የሚቀበለው ኃይል፦ «ኢንፑት» በሚለው መስመር ላይ 220 ቮልት ወይም ከ100 እስከ 240 ቮልት መባል አለበት።

2. የሚሰጠው ቮልት፦ «ኦውትፑት» በሚለው መስመር ላይ ያለው ቁጥር ከድንጋዮቹ ድምር ጋር ሊመሳሰል ይገባል፤ ለሁለት ድንጋይ 3 ቮልት፣ ለሦስት ድንጋይ 4.5 ቮልት ነው።

3. የኤሌክትሪኩ ዓይነት፦ የሚሰጠው ዲሲ መሆን አለበት። ዲሲ የሚታወቀው በአንድ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ ባለ የተቆራረጠ መስመር ምልክት ነው።

4. የአምፔር አቅም፦ መብራቱ ከሚወስደው እኩል ወይም የበለጠ ሊሆን ይገባል። መብራቱ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ስለሚስብ የአምፔር አቅም መብለጥ አይጎዳም፤ የቮልት መብለጥ ግን ያቃጥላል።

የስልክ ቻርጀር ይሆናል?

የተለመደው የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ይሰጣል። ባለ ሁለት ድንጋይ መብራትን በዚህ ማገናኘት አምፖሎቹን ያቃጥላል። በባለ ሦስት ድንጋይ መብራትም ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ ውጤቱ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ አምፖሎቹ 3 ቮልት የሚፈልጉ ሆነው በሳጥኑ ውስጥ 10 ኦም ሬዚስተር ቢኖር፣ በ4.5 ቮልት 150 ሚሊአምፔር፣ በ5 ቮልት ደግሞ 200 ሚሊአምፔር ያልፋል። የግማሽ ቮልት ጭማሪ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ በሲሶ አሳደገው ማለት ነው። በዚህ ምሳሌ 3.3 ኦም የሆነ ባለ ሩብ ዋት ሬዚስተር በአንዱ ሽቦ ላይ በተከታታይ ቢጨመር መጠኑ ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

የአሠራር ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ድንጋዮቹን ሙሉ በሙሉ ማውጣት ያስፈልጋል። ድንጋይ ሳይወጣ አዳፕተር ቢገናኝ ኤሌክትሪክ ወደ ድንጋዮቹ ተመልሶ ስለሚገባ ሊያፈሱ ወይም ሊፈነዱ ይችላሉ። በመቀጠል ወደ መብራቱ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ከሳጥኑ የሚነሡበትን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ጫፍ መለየት ይገባል። የአዳፕተሩ ሽቦዎችም ከሶኬት ተነቅሎ ሳለ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ጋር ይበየዳሉ። የትኛው ሽቦ ፖዘቲቭ እንደሆነ በቴስተር ይረጋገጣል እንጂ በቀለም ብቻ አይገመትም። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለየብቻ በናስትሮ ከተሸፈነ በኋላ መብራቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው ባለበት ይሞከራል። አዳፕተሩ በእጅ ሊያዝ እስከማይቻል ከጋለ፣ ሽታ ካመጣ ወይም አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ከደመቁ ወዲያውኑ መንቀል ይገባል።

ከከተማዋ የአየር ጠባይ አንጻር

በድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል። አዳፕተር በሥራ ላይ ሳለ የራሱን ሙቀት ስለሚያመነጭ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ከፍራሽ ሥር ወይም አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም። በረንዳ ላይ የሚሰቀል መብራትም አዳፕተሩ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ እንዲሆን ማድረግ ያስፈልጋል። ኃይል በሚቋረጥበት ጊዜ አዳፕተሩን ነቅሎ አገልግሎቱ ከተረጋጋ በኋላ መልሶ መሰካት፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ሲተኛ ወይም ከቤት ሲወጣ መንቀል ይመከራል።

ወደ ባለሙያ መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ቴስተር የሌለው ወይም የመበየድ ልምድ የሌለው ሰው ሥራውን ለኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ መስጠት ይገባዋል። የአዳፕተሩን ቅርፊት መክፈት ግን ለማንም ተገልጋይ አይመከርም። የቤቱ ሶኬት የሚግል፣ የሚፈነጥቅ ወይም ብሬከሩ ደጋግሞ የሚወርድ ከሆነ ችግሩ የቤቱ የውስጥ መስመር ሊሆን ስለሚችል፣ ፈቃድ ባለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማስመርመር ያስፈልጋል። ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመር ላይ ለሚከሰት ብልሽት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን የጥሪ ማዕከል በ905 ማግኘት ይቻላል። ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጅ ከመንካት በፊት ብሬከሩን ማውረድ የሁሉም የቤተሰብ አባል ዕውቀት ሊሆን ይገባል።