«ግትር» እና «ጽኑ»

በዛሬው ዝግጅታችን «ግትር» የሚለውን ቃል ይዘን ቀርበናል። ቃሉን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን ሰው ሲመክረን «እኔ በአቋሜ የጸናሁ ነኝ» እንላለን። ሌላው በኛ ሐሳብ አልስማማ ሲል ግን «ይህ ግትር!» ብለን እንፈርድበታለን። ለመሆኑ የሁለቱ ልዩነት ምንድን ነው?

«ግትር» የመጣው «ገተረ» ከሚለው ግሥ ነው። ገመድን ወጥሮ መሳብ መገተር ይባላል። ሰውም በያዘው ሐሳብ እንደ ተወጠረ ገመድ ድርቅ ሲል «ግትር» ይባላል፤ ቃሉም ሁልጊዜ ነቀፌታ ነው። «ጽኑ» ግን እንደ አገባቡ ነው። «ጽኑ ሕመም»፣ «ጽኑ እስራት» ስንል ክብደትን ያመለክታል። «በእምነቱ ጽኑ ነው» ስንል ደግሞ ሰውየውን እያመሰገንን ነው።

ወደ ዐረብኛው ስንሄድ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ግትርነት «ዒናድ»፣ ግትሩ ሰው «ዐኒድ» ይባላል። ዐረቦች ከመንጋው ተነጥላ ለብቻዋ የምትግጥን ግመል ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል «ዐኑድ» ይሏታል። ስለዚህ የቃሉ መሠረት ጥንካሬ ሳይሆን ከመንገድ መውጣት ነው። ቁርኣን «ዐኒድ»ን በአራት ቦታዎች ያነሳል፤ በሁድ 59፣ በኢብራሂም 15፣ በቃፍ 24 እና በሙደሢር 16። በአራቱም የተወሳው እውነት መጥቶለት የገፋ ሰው ነው። ጽናት ደግሞ «ሠባት» ይባላል፤ ቁጥሩ እንዳይመስላችሁ! በዚያው በሱረቱ ኢብራሂም 27ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ምእመናንን በዱንያም በአኺራም በጽኑ ቃል እንደሚያጸናቸው ይነግረናል። ግትሩ በራሱ ይቆማል፤ ጽኑው አላህ ያቆመዋል።

ለጽናት ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦች በነጃሺ ፊት ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ሲጠየቁ፣ መልሱ ተላልፈው እንዲሰጡ ሊያደርጋቸው እንደሚችል ያውቁ ነበር። ይሁን እንጂ የመጣው ይምጣ ብለው አላህ ያለውን ብቻ ሊናገሩ ተስማሙ። ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም አልሸሸጉም፤ ንጉሡንም አልዘለፉም። በአደብ ተናገሩ፣ በእውነቱ ጸኑ።

በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ በሑደይቢያ ደግሞ ሌላውን ገጽታ እናያለን። የቁረይሽ መልእክተኛ ሱሀይል ኢብን ዐምር ከውሉ ላይ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዲፋቅ ጠየቀ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ሙሐመድ የዐብዱላህ ልጅ» ተብሎ እንዲጻፍ ፈቀዱ። መልእክተኛነታቸውን አልተዉም፤ ለሰላም ሲሉ የተዉት አጻጻፉን ነው።

እንግዲህ ራሳችንን እንመዝን። የቆምንበት ጉዳይ የአላህ ሐቅ ነው ወይስ የኛ ክብር? ማስረጃ ቢመጣልን እንመለሳለን? ስንናገርስ አደብ አለን? በአንድ ክንድ መሬት ድንበር ተኳርፈው ሽማግሌ የሚመልሱ ወንድማማቾች በየሰፈራችን አሉ። ሁለቱም «አቋሜ ነው» ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ ማኩረፍ እንደማይፈቀድለት፣ ከሁለቱም በላጩ በሰላምታ የሚጀምረው መሆኑን አስተምረዋል። ቀድሞ ሰላም ያለ ሰው ተሸነፈ አይባልም፤ ሐቅ ካለውም ሐቁ አይጠፋበትም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ከዚህ ዝግጅት በኋላ ልትደውሉለት የሚገባ ሰው ካለ አሁኑኑ ደውሉለት። አላህ ከዒናድ ይጠብቀን፣ ሠባትንም ይወፍቀን።