በጣት የሚዞረው ስልክ እንዴት ይቆጥራል?

ለዛሬ ስለ አንድ አሮጌ ዕቃ እናወጋለን፡፡

ናይሮቢ ኢስሊ ሰፈር አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርተን ሄደን ነበር፡፡ ኮመዲኖው ላይ በዳንቴል የተሸፈነ ጥቁር ስልክ አየን፡፡ አብሮኝ የነበረው ተማሪ ጣቱን ቁጥሩ ላይ ተጭኖ «እማማ፣ አይሠራም እኮ!» አለ፡፡ እሳቸውም ሳቁና «ልጄ፣ እሱ ይዞራል እንጂ አይጫኑትም» አሉት፡፡ መስመሩ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል፡፡ «ግን ወንድሜ የሚያውቀው ቁጥር ይሄ ነው፤ እንዴት ልጣለው?» አሉን፡፡

ለመሆኑ ይህ ስልክ እንዴት ነበር የሚሠራው? መነጋገሪያውን ስናነሳ ከስልኩ እስከ ማዞሪያ ጣቢያው ባለው ሽቦ ኮረንቲ ይሄዳል፡፡ ጣታችንን 5 ላይ አድርገን እስከ ማቆሚያው ስናዞር ውስጥ ያለው ሞላ ይጠነክራል፡፡ ስንለቀው መደወያው ወደ ቦታው ይመለሳል፡፡ ቁጥሩ የሚላከው ታዲያ ስናዞር ሳይሆን ሲመለስ ነው፡፡ እየተመለሰ ኮረንቲውን ቆረጥ ቀጠል ያደርገዋል፤ 5 ከሆነ አምስት ጊዜ፣ 9 ከሆነ ዘጠኝ ጊዜ፡፡ በብዙ አገር 0 ማለት ባዶ ሳይሆን አሥር ምት ነው፡፡ ፍጥነቱም ብዙውን ጊዜ በሰከንድ 10 ምት ነው፡፡

ጣቢያው ያለው መሣሪያ ምቱን ቆጥሮ መስመር ያገናኛል፡፡ እንዲህ ዓይነቱን ማዞሪያ ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት ያገኘው አልሞን ስትሮውጀር የተባለ አሜሪካዊ ነው፡፡ ሥራው ቀብር ማስፈጸም ነበር፡፡ ስልክ አገናኟ ደንበኞቹን ለተፎካካሪው ትሰጥበት ስለነበር ተናዶ ነው የሠራው ይባላል፡፡ በጣት የሚዞረው መደወያ የመጣው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው፡፡

ድሮ አዲስ አበባ ውስጥ ሒሳብ እንዳይበዛ ብዙ ቤተሰብ መደወያው ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ያደርግ ነበር፡፡ ብልጥ ልጆች ግን መነጋገሪያው የሚያርፍበትን መጫኛ በፍጥነት መታ መታ እያደረጉ ይደውሉ ነበር! ለጣቢያው ኮረንቲው በመደወያው ይቆረጥ በመጫኛው ልዩነት የለውም፤ እሱ የሚያውቀው መቁጠር ብቻ ነው፡፡

ኬንያ ውስጥ የአደጋ ጊዜ ቁጥር የሆነው 999ም የመጣው ከዚህ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1937 ለንደን ውስጥ ነው፡፡ 27 ምት ይፈጃል፡፡ 111 ቢሆን ሦስት ምት ብቻ ስለሆነ ይፈጥን ነበር፡፡ ነገር ግን ሽቦዎች በነፋስ ሲነካኩ እንደ 1 ስለሚቆጠር በስህተት ጥሪ ይበዛ ነበር፡፡

ሌላው ጥቅሙ፣ ኮረንቲ የሚያገኘው ጣቢያው ካለው ባትሪ በስልኩ ሽቦ በኩል ስለሆነ፣ ሰፈሩ ጨለማ ቢሆንም ይሠራል፡፡

መምህራን ይህንን ክፍል ውስጥ ማሳየት ትችላላችሁ፡፡ የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ አምፖልና ሽቦ ይበቃል፡፡ አምፖሉ በርቶ አንዱ ተማሪ ሽቦውን ያላቅቅ፣ ያገናኝ፤ ሌላው መብራቱ ስንት ጊዜ እንደጠፋ ቆጥሮ ቁጥሩን ይጻፍ፡፡ በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ትንሽ ማረፍ አያስፈልግም ወይ? ካላረፉ 2 እና 3 ተደምረው 5 ይሆናሉ፡፡

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ፡፡ ቁጥሩ ያለው ስልኩ ውስጥ አይደለም፤ ጣቢያው ላይ የእሳቸው ሽቦ ከሚያርፍበት ቦታ ጋር የተያያዘ ነው፡፡ መስመሩ ሲቆረጥ ቁጥሩም አብሮ ይሄዳል፤ ወንድማቸው ቢደውሉ ይህ ስልክ አይጮህም፡፡ ይህንን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉ፡፡ ከዚያ «እንግዲያስ የሞባይሌን ቁጥር ጻፍልኝና ለአገር ሰው እንላከው» አሉ፡፡ በአምስት ወረቀት ጻፍንላቸው፡፡ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ወደሚያፈላልገው ወደ ቀይ መስቀልም እንዲሄዱ ነገርናቸው፡፡

ተማሪዎች፣ በዚያ ስልክ ዘመን ሰው በየቀኑ በጣቱ ስለሚያዞር የዘመዱን ቁጥር በቃሉ ይይዝ ነበር፡፡ ዛሬ ቁጥሩን የሚይዝልን ሞባይሉ ነው፤ ሞባይሉ ከጠፋ ሰውም ሊጠፋብን ይችላል፡፡ ስለዚህ የእናት የአባታችሁን፣ የወንድም የእህታችሁን ቁጥር ዛሬውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፤ አንዱን ደግሞ በቃላችሁ ያዙ፡፡

መልካም ትምህርት!