ቤዝ ጊታር ቆርቆሮ ሥር አይታደርም

ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ ወደ ወሎ መስመር የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ጃኬቱን ይቆልፋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ጭጋጉ አንዳንድ ቀን ከፊት ያለውን መኪና እንኳ አያሳይም። ጣሊያን በወረራው ዘመን የበሳውን ዋሻ አልፎ ቁልቁል መጠማዘዝ ሲጀመር ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ይገዛል፤ አርማኒያ ላይ ጃኬት ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ የሸሚዝ ቁልፍ ይፈታል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ 1,280 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከደጋ ብርድ ወደ ማንጎና ሽንኩርት አገር መውረድ ማለት ነው።

ይኼን ለውጥ የሰው ሰውነት ውኃ ጠጥቶ፣ ጥላ ፈልጎ ይችለዋል። እንጨትና ብረት ግን አይናገሩም። እኔም ይኼን የተማርኩት በገዛ ቤዝ ጊታሬ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ የተከራየኋት ክፍል ጠባብ ስለነበረች ቤዜን ሸዋ ሮቢት ቤተሰብ ቤት ትቼው ነበር። ከሠርግ ሥራ ባጠራቀምኳት ገንዘብ ያገለገለ የገዛሁት፣ በዛሬ ዋጋ ደግሜ የማላገኘው ዕቃ ነው። እናቴ ልጅ እንዳይነካው ብላ በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀለችልኝ። ከቁም ሳጥኑ በላይ ያለው ጣሪያ ግን ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ የለውም። የቆላ ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ሲያነደው ውሎ ማታ ይቀዘቅዛል። ቤዜ ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲጋገርና ሲበርድ ከረመ።

በጥር የአክስቴ ልጅ ሠርግ ደረሰና ወረድኩ። ነጠላውን ስፈታው ክሮቹ እንደ ድሮ ምስማር ዝገዋል። አንገቱ እንደ ቀስት ጎብጧል። መቃኘት ስጀምር ቀጭኗ የጂ ክር «ጧ!» ብላ ተበጠሰች። ሠርጉ ማታ ነው።

ሰፈራችን ውስጥ በኪነት ዘመን ቤዝ መጫወት የጀመሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው አሉ። ቤዜን ተሸክሜ ሮጥኩ። አገላብጠው አዩት።

«አንተ ልጅ፣ ይኼን የት ነበር ያስቀመጥከው?»

«ቁም ሳጥን ላይ፣ ጋሼ።»

«በቆርቆሮው ሥር?»

ዝም አልኩ።

«ሥጋ ቢሆን ኖሮ ቋንጣ በሆነልህ ነበር» አሉኝ።

በዚያን ቀን ትርፍ ክር አልነበረም። «ዛሬ በሦስት ክር ትጫወታለህ። ሠርገኛው የሚጨፍረው በወፍራሞቹ ነው» ብለው፣ አንገቱን በቁልፍ ትንሽ አቃንተው ሰደዱኝ። እንዳሉትም ሆነ። ከማሲንቆ ተጫዋቹ በስተቀር ያስተዋለ ሰው የለም። እሱም በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ «እኔ በአንድ ክር ቤተሰብ አስተዳድራለሁ፤ አንተ በሦስት ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ አሳቀኝ።

በማግስቱ ጋሼ ቤት ቡና ተፈላና ትምህርቱ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ካነበብኩትና ከሞከርኩት ጋር አዳብዬ ላካፍላችሁ።

ድምፁ የማይታይ፣ ሲጠፋ የሚታወቅ

ቤዝ ጊታር ብዙ ዕድሜ የለውም። ሊዮ ፌንደር የተባለው አሜሪካዊ «ፕሪሲሽን» የተሰኘውን ቤዝ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ በፊት የወፍራሙን ድምፅ ሥራ የሚሠራው ሰው የሚያክለው ኮንትራባስ ነበር። አዲሱ መሣሪያ በትከሻ ተንጠልጥሎ፣ በአምፕሊፋየር ጮኾ፣ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ የሚሄድ ሆነ።

እኛም አገር ቶሎ ለመደ። የማሕሙድ አሕመድን «ኧረ መላ መላ» የሰማ ሰው የአይቤክስ ባንድን ቤዝ ሰምቷል። ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ነው። ባንዱ በኋላ ሮሃ ሲሆንም በርካታ ድምፃውያንን አጅቧል። የዋሊያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» ሲነሳ ኦርጋኑ ይወደሳል እንጂ፣ ሥሩን ይዞ ሰውን የሚያወዛውዘው የመላከ ገብሬ ቤዝ ነው። መላከ ዋሊያስ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ነበር። ከቅርቡ ትውልድ ደግሞ በርክሊ ኮሌጅ ተምሮ የተመለሰው ሄኖክ ተመስገን አለ፤ የጃዛምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራች ከሆኑት አንዱ ነው። ባህላዊ ባንዶቻችንም ቢሆኑ ያለ ወፍራም ድምፅ አልሆን ብሏቸው ቤዝ ክራርን ይዘዋል።

ታዲያ ይኼን ሁሉ ድምፅ የሚሰጡት አራት ክሮች ናቸው። ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ ይባላሉ። በተለመደው ቤዝ ላይ ከጭራው ብረት እስከ አንገቱ ጫፍ ያለው የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራቱ ተቃኝተው ሲወጠሩ በአንድ ላይ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ። አንድ ጎልማሳ ሰው ሌት ተቀን አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎበታል እንደማለት ነው። ይኼን የሚቋቋመው እንጨቱና በውስጡ የተቀበረው የብረት ዘንግ ነው። ሙቀት፣ ድርቀትና ርጥበት ሲፈራረቁበት እንጨቱ ይሸነፋል፤ አንገቱም ይጎብጣል።

የትኛውን ክር?

የቤዝ ክር አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም። መሐሉ ብረት ነው፤ በላዩ ሌላ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ልዩነቱ ያለው በዚህ ጥምጥም ላይ ነው።

ክብ ሽቦ የተጠመጠመበት «ራውንድዋውንድ» ይባላል። ሲነካ ሸካራ፣ ድምፁ የጠራና የሚጮህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የእንግሊዙ ሮቶሳውንድ ከዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ከጆን ኤንትዊስል ጋር ሆኖ ካሳመረው ወዲህ ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ዓይነት ነው። ችግሩ በጥምጥሞቹ መሐል ላብና እድፍ ይገባል። ቆላ ላይ ደግሞ ላብ አይጠፋም። አዲስ አበባ ወራት የሚቆየው ጥራት ሸዋ ሮቢት ላይ ጥቂት ሠርግ ሳይዘልቅ ይደበዝዛል።

እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመበት «ፍላትዋውንድ» ነው። ሲነካ ለስላሳ፣ ድምፁ ሞቅ ያለና የተሰበሰበ ነው። ትዝታ ወይም አምባሰል ሲያጅቡበት ድምፃዊውን አይሻማም። እድፍ የሚገባበት ክፍተት ስለሌለው ዓመታት ያገለግላል፤ ፍሬቱንም አይበላም። የሞታውን ስቱዲዮው ታላቅ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይርም ነበር ይባላል። እሱ የሚጠቀመው ይኼን ዓይነቱን ነው። ጉዳቱ ዋጋው ከክቡ መብለጡ፣ ለዘመናዊ ዘፈንም ድምፁ ድፍን የሚል መሆኑ ነው። በሁለቱ መሐል ክቡ ተሞርዶ የለሰለሰ አለ።

ሦስተኛው ምርጫ በስስ ሽፋን የተለበጠ ክብ ክር ነው። ላቡ ብረቱን በቀጥታ አያገኘውም። ውድ ቢሆንም ዕድሜው ስለሚረዝም ቆላ ለሚጫወት ሰው ሲሰላ አያከስርም። ብረቱን በተመለከተ፣ ስቴይንለስ ዝገትን ቢቋቋምም ጠንካራ ስለሆነ ፍሬት ይበላል። ኒኬል የተቀባው ለጣትም ለፍሬትም ይራራል።

ውፍረቱ በሺኛ ኢንች ይለካል። ፓኮው ላይ 45፣ 65፣ 85፣ 105 የሚል ካያችሁ የተለመደው መካከለኛ ነው። የለመዳችሁትን ውፍረት ያለ ምክንያት አትቀይሩ። ወፍራም ክር ይበልጥ ስለሚስብ የአንገቱን ማስተካከያ እንደገና መንካት ግድ ይሆናል።

ስትገዙ ሦስት ነገር አስተውሉ። የክሮቹ ብዛት አራት ነው ወይስ አምስት? ርዝመቱስ «ሎንግ ስኬል» ይላል? ፓኮውስ የታሸገ ነው ወይስ የተነካካ? ስመ ጥር ምርት ነው ተብሎ የተሸጠልኝ፣ በሁለተኛው ቀን ጥምጥሙ የተፈታ ክር እኔም ገጥሞኛል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል ሽቶ ከማለት ክር ማለት ይሻላል። ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይዝ፣ ኪሎ አይጨምር።

ሲቀየርና ሲቀመጥ

ክሮቹን አንድ በአንድ ቀይሩ። አራቱን በአንዴ ማውለቅ አንገቱን በድንገት ማላላት ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ክሩን ከመዘውሩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሳልፋችሁ አጥፉት፤ ሳይታጠፍ ከተቆረጠ ጥምጥሙ ሊፈታ ይችላል። ሁለት ሦስት ዙር ወደ ታች እየወረደ ይጠምጠም። ከዚያ በእጅ ሳብ ሳብ አድርጋችሁ እንደገና ቃኙት።

አንገቱ መጉበጡን ለማወቅ አንዱን ክር የመጀመሪያው ፍሬት ላይ በአንድ እጅ፣ አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ላይ በሌላው እጅ ተጫኑት። ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሐል አንድ የስም ካርድ የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ደህና ነው። ከዚያ ከሰፋ ዘንጉ ይጠበቃል። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ ግን አታዙሩት፤ ዘንጉ ከተበጠሰ አንገቱ አለቀ። የማታውቁ ከሆነ ለሚያውቅ ስጡ።

ከተጫወታችሁ በኋላ ክሩን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጥረጉት። ከመጫወት በፊት እጅ መታጠብ ብቻውን ዕድሜውን ያረዝመዋል። የደበዘዘን ክር አውልቆ መቀቀል የድሮ ዘዴ ነው። ድምፁ ለጥቂት ቀን ይመለሳል፤ በደንብ ካልደረቀ ግን ዝገቱን ይጠራል። ንጹሕ አልኮል ውስጥ አሳድሮ ማድረቅ ይሻላል። «አረቄስ?» ያለኝ ጓደኛ ነበር። አረቄ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፤ ለጠጪው ይቅርለት።

ከጣርማ በር ወደ ቆላ የምትወርዱ ከሆነ ቤዙ ሲደርስ ድምፁ ወርዶ ብታገኙት አትደንግጡ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ቅኝቱ ይወርዳል። ከሽፋኑ ሳታወጡ ጥላ ውስጥ ትንሽ ይረፍ፤ ከዚያ ቃኙ። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ግን አትተዉት፤ ሙጫው ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል። በበጋው ድርቀት እንጨቱ ሲሸሽ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ መቧጨር ይጀምራል። የተበሳ የሳሙና ዕቃ ውስጥ ርጥብ ስፖንጅ ከትቶ ሽፋኑ ውስጥ ማኖር ይረዳል። ውኃ የሚንጠባጠብ ግን አይሁን።

ባትሪ የሚሠራ ቤዝ ከሆነ ተጫውታችሁ ስትጨርሱ ጃኩን ንቀሉ፤ ካልተነቀለ ባትሪው እየሠራ ያድራል። ይኼ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የሚቀጥለው የሕይወት ጉዳይ ነው፦ ድንኳን ውስጥ፣ በጄኔሬተር፣ በተቀጣጠለ ገመድ ስትጫወቱ ሶኬቱ መሬት መያዙን አረጋግጡ። የቤዝ ክር ከአምፕሊፋየሩ መሬት ጋር የተገናኘ ነው። አምፕሊፋየሩ ችግር ካለበት፣ ክሩን ይዛችሁ ከንፈራችሁ ማይክ ሲነካ መንገዱ በእናንተ ውስጥ ያልፋል። ማይኩ «ነዘረኝ» ያለ ዘፋኝ ካለ ሥራው ይቁም።

ጋሼ የራሳቸውን ቤዝ ሲያሳዩኝ የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነበር። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከቤታቸው ወጥተዋል። ቤዙስ?

«ሰው ልጁን ይዞ ሲሮጥ እኔ ጊታር ልሸከም? ክሩን ትንሽ አላላሁለትና ሽፋኑ ውስጥ ከትቼ አልጋ ሥር አስተኛሁት። ቤት ውስጥ ከመሬቱ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም።» ሲመለሱ ቤቱ ተበርብሯል፤ ቤዙ ግን እዚያው ተኝቷል። ቃኙት፤ ሠራ።

የኔም ቤዝ አሁን ድኗል። ፍላትዋውንድ ለብሷል፤ አንገቱም ቀንቷል። ሸዋ ሮቢት ስወርድ የሚያድረው አልጋ ሥር ነው። እናቴ መጀመሪያ «ዕቃ መሬት ይጣላል?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ነገሩን ሳስረዳት ያን የጠቀለለችበትን አሮጌ ነጠላ አውጥታ ቀደደችና አንዱን ቁራጭ ሰጠችኝ። ክር ለመጥረግ ከሱ የተሻለ ጨርቅ እስካሁን አላገኘሁም።