ከትምህርት ቤት እስከ መኝታ ቤት የሚከተል ጉልበተኛ

የዛሬው ርዕሳችን ከጤናና ከአመጋገብ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት «ሆዴን ያመኛል» እያለ ከትምህርት ቤት መቅረት የሚፈልግ፣ ምሳ ዕቃውን ሳይነካ የሚመልስ ወይም ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ልጅ ካላችሁ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታችኋል። እርሱም ወጣቶች በስልክና በኢንተርኔት እርስ በርስ የሚፈጽሙት ማሸማቀቅ ነው።

ማሸማቀቅ ምንድን ነው?

ልጆች ሲጫወቱ ይጣላሉ፤ ወዲያው ይታረቃሉ። ይህ ማሸማቀቅ አይባልም። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጉዳዩን በስካንዲኔቪያ ያጠኑት የሥነ ልቦና ምሁር ዳን ኦልቬውስ ሦስት መለያዎችን አስቀምጠዋል፦ ሆን ተብሎ የሚፈጸም፣ የሚደጋገም፣ ተጠቂውም ራሱን ለመከላከል አቅም የሚያጣበት ድርጊት ነው። መምታት፣ ቅጽል ስም ማውጣት፣ ማግለልና ሐሜት መንዛት በዚህ ይጠቃለላሉ። በስልክ ሲሆን ደግሞ የስድብ መልእክት መላክ፣ አሳፋሪ ፎቶ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ መበተን፣ በሰው ስም የሐሰት አካውንት መክፈት ይጨመራሉ።

ሥሩ የት ነው?

ብዙ ወላጆች «ጥፋቱ የስልኩ ነው» ብለን እንደመድማለን። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ በእንግሊዝ አገር ዕድሜያቸው 15 የሆኑ ከ110,000 በላይ ወጣቶችን ያካተተ ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ከመቶው 30 ያህሉ በተደጋጋሚ እንደተሸማቀቁ ተናግረዋል፤ በኢንተርኔት ብቻ የተሸማቀቁት ግን ከመቶ 1 እንኳ አልሞሉም። በኢንተርኔት ከተጠቁት አብዛኞቹ በአካልም የሚጠቁ ነበሩ። ስለዚህ በስልክ የሚሳደበው ብዙውን ጊዜ በክፍል ውስጥ ወይም በመንገድ ላይ የሚያስቸግረው ያው ልጅ ነው ማለት ነው።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ቀድሞ ልጁ ቤቱ ሲገባ ቢያንስ እስከ ማግስቱ ያርፍ ነበር። ዛሬ ስድቡ መኝታው ድረስ ይከተለዋል። ተመልካቹ ይበዛል፣ የተበተነው ፎቶም በቀላሉ አይጠፋም። ሰዳቢውም የተሰዳቢውን እንባ ስለማያይ አይራራም።

በጤና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

30 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጽሑፍ እንዳመለከተው፣ የሚሸማቀቁ ልጆች ከሌሎች ይልቅ እንደ ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመምና የእንቅልፍ ችግር ያሉ ከውጥረት ጋር የተያያዙ ሕመሞች የሚደርሱባቸው ቢያንስ በእጥፍ ነው። ሕመሙ ማስመሰል አይደለም፤ ፍርሃት ሆድን በእርግጥ ያማል። ሲቆይም ወደ ድብርት፣ አንዳንዴም ራስን ወደ መጉዳት ሐሳብ ሊያደርስ ይችላል።

ምን እናድርግ?

1. ስልኩን ለመንጠቅ አንቸኩል። ብዙ ልጆች ዝም የሚሉት «ከነገርኳቸው ስልኬን ይወስዱብኛል» ብለው ነው።

2. ስለ ስልኩ ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤቱም እንጠይቅ። «በዕረፍት ሰዓት ከማን ጋር ትሆናለህ? ምሳህን የት ትበላለህ?» የሚሉ ጥያቄዎች ብዙ ይገልጣሉ።

3. ልጁ መልስ እንዳይሰጥ እንምከረው። መልእክቱን ከማጥፋቱ በፊት የስልኩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ፤ ከዚያ ላኪውን ይዝጋው።

4. ማስረጃውን ይዘን መምህሩን ወይም ርዕሰ መምህሩን እናነጋግር። «አንተም ምታው» ማለት ጠቡን ያሰፋዋል።

5. አሸማቃቂው የእኛው ልጅ ከሆነ አንሸፍንለት። ይቅርታ እንዲጠይቅና የለጠፈውን እንዲያነሳ እናድርግ። ሲሰድብ የተመለከተ ልጅም መልእክቱን ባለማስተላለፍና ከተጠቂው ጎን በመቀመጥ ብዙ ሊረዳ ይችላል።

6. ልጁ «መኖር አልፈልግም» የሚል ቃል ከተናገረ እንደ ቀልድ አንየው፤ ብቻውን ሳንተወው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

ውድ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ ስትቀመጡ የልጃችሁን ሳህን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ተመልከቱ። ተረጋግቶ የሚያዳምጠው ሰው ያገኘ ልጅ ችግሩን ሳይውል ሳያድር ይናገራል።