የዙፋን ችሎትና የአርሲ ባለጉዳይ

ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የመጨረሻውን አቤቱታ የሚሰሙበት የዙፋን ችሎት፣ ዳኝነት ለንጉሥ ከእግዚአብሔር የተሰጠ አደራ ነው በሚለው ጥንታዊ እምነት ላይ ቆሞ፣ በፍትሐ ነገሥት ትምህርት እየጸና የኖረ መንበረ ፍትሕ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዳኝነቱን ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ቢያስረክቡም፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅም መደበኛ ፍርድ ቤቶችን በየማዕረጋቸው ቢያቆም፣ የንጉሡ ችሎት ከሁሉ በላይ እንደ ሆነ ቀረ፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ወደዚያ እንዲያመለክት ፈቅዶለታል።

ባላባቱን ለመንካት የአውራጃው ዳኛ ሲፈራ፣ ድኻው «ጃንሆይ፣ አቤት!» ብሎ የሚጮኽበት ሥፍራ መኖሩ ታላቅ ተስፋ እንደ ነበር መካድ አይገባም። በእንግሊዝም የኮከብ አዳራሽ የተባለው የንጉሥ ፍርድ ቤት በመጀመሪያ ኃያላኑን ለመግታት የተወደደ ሲሆን፣ በኋላ የቀዳማዊ ቻርልስ መቅሠፍት ሆኖ፣ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1641 ፓርላማው አፈረሰው። የእኛው ችሎት ነውር ግን ከጭካኔው ይልቅ ፍትሕን ከመብትነት አውጥቶ ጸጋ ማድረጉ ነበር፤ የጸና ፍርድ እንደ ገና ይከፈታልና ረቺው አያርፍም፣ ተረቺም ተስፋ አይቆርጥም፤ ደጅ ለመጥናት ገንዘብና ዘመድ ያለው ሰው ጊዜን ራሱን ጠበቃ አድርጎ ይሟገታል።

ይህ ከማንም ይልቅ የከበደው በአርሲ ገበሬ ላይ ነው። አርሲን ያስገበረው የራስ ዳርጌ ዘመቻ በ1879 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ መሬቱ ለሹማምንትና ለነፍጠኞች ተደልድሎ፣ ባለርስቱ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። ቀድሞ በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በሚያውቁት ሽማግሎች ፊት፣ በገዛ ቋንቋው ይሟገት የነበረና እናቶች ሲንቄ የተባለውን በትር ይዘው ሲቆሙ ጠቡን የሚያበርድ ሕዝብ፣ አሁን ከጢቾ ወይም ከአርባ ጉጉ ደጋ ወርዶ፣ ከአሰላም ወደ ዋና ከተማው 175 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ በማያውቀው አማርኛ ማመልከቻ አስጽፎ፣ ቃሉን በአስተርጓሚ አፍ እያሰማ፣ ቀጠሮ ሲጠብቅ የዘር ወራት ያልፍበት ነበር። ያን ሁሉ ችሎ ቢቀርብ እንኳ ምን ይዞ ይከራከራል? በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ ሲቋቋም ምርት በረከተ፤ ባለመሬቶቹ ግን ትራክተር እየገዙ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ፤ ጭሰኛው የጽሑፍ ውል አልነበረውም፤ ለእርሱ ከለላ ይሆናል የተባለውም የሕግ ረቂቅ በፓርላማው ሳይጸድቅ ቀረ። ሕጉ ራሱ ከባለመሬቱ ጋር በቆመበት አገር የንጉሥ ርኅራኄ የአንዱን ሰው እንባ ያብስ ይሆናል እንጂ የአንድን አውራጃ በደል አያነሣም።

ደርግ የዙፋን ችሎትን ከዘውድ ምክር ቤት ጋር በነሐሴ 1966 ዓ.ም. ሻረው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲያስቀር፣ የመሬት ክርክርን የሚሰማው ገበሬዎቹ ራሳቸው በየቀበሌው የሚመርጡት የማኅበራቸው የፍርድ ሸንጎ እንዲሆን ደነገገ።